አያ ቢያዝን የመረቁት ሜዳ

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነበር፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋሱ ደረቅ ነው። በዚያ ወር በጭንባ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አዲስ ተማሪዎቹን ሲቀበል የአገሩ ሽማግሌዎች እንደ ልማዱ ተጠርተው መጡ። ከመድረኩ ፊት ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጥቂት ቆይተው አወረዱ። ተማሪው ሁሉ «አሜን» አለ። ከሩቅ የመጣ ሰው ሽማግሌዎቹ ቃል የጠፋባቸው ይመስለዋል። አልጠፋባቸውም። በጭንባ ግቢውን በቃል መመረቅ የቀረው በአንድ ሰው ምክንያት ነው ይባላል፤ ሰውየው አያ ቢያዝን ዳምጤ ናቸው።

እንደሚነገረው አያ ቢያዝን ቃል የማያበዙ ገበሬ ነበሩ። ሰላምታ ሲመልሱ እንኳ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ፤ ልጆቻቸውም ከቁጣቸው ይልቅ ዝምታቸውን ይፈሩ ነበር። ይሁን እንጂ ሠርግ ሲደገስ፣ ክርስትና ሲነሣ፣ አዲስ ቤት ሲገባ መራቂ ተብለው የሚፈለጉት እሳቸው ነበሩ፤ የማያወራ ሰው ምርቃት ይደርሳል ተብሎ ይታመናልና። የመረቋት መካን ወለደች፣ የመረቁት በሬ ከወደቀበት ተነሣ ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እሳቸው ስለዚህ ነገር ተናግረው አያውቁም።

ታዲያ የዛሬው ግቢ ገና ሳይታሰብ መንግሥት በጭንባ ሜዳ ጥግ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ያለው የገበሬ ማሠልጠኛ ሊሠራ መሬት ጠየቀ፤ ሕዝቡም ከግጦሹ ቀንሶ ሰጠ። የመሠረቱ ድንጋይ ሲቀመጥ አያ ቢያዝን መርቁ ተባሉ። የትምህርት ቤት ምርቃት ምን እንደሚባል አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁት የከብትና የአውድማ ነው። ስለዚህ ተነሥተው «ይብዛ፣ ይስፋ፣ ዳር አይኑረው» አሉና ተቀመጡ። ሕዝቡ ሦስት ጊዜ «አሜን» አለ።

ምርቃቱ ደረሰ። በአራተኛው ዓመት ማሠልጠኛው ኮሌጅ ሆኖ የቀረውን ግጦሽ ወሰደ። ያኔ ማንም አልከፋውም፤ እንዲያውም ጎረቤታቸው ምናሉ «አያ ቢያዝን፣ ለእኔም አህያ አንድ ጊዜ ‹ይብዛ› ይበሉልኝ እንጂ!» እያለ ይቀልድ ነበር። ቆይቶ ኮሌጁ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆነ፤ ባለ አራት ፎቅ ማደሪያ ቆመ፣ ቤተ መጻሕፍት ቆመ፣ አጥሩም ወደ ምዕራብ ተገፍቶ የአሥራ አንድ አባወራ ማሳ ዋጠ። የምናሉም ማሳ በዚያው ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ምናሉ አልቀለደም። ክረምት በወጣ ቁጥር የአጥሩን አዲስ ድንበር የሚያሳይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል እንደ እንጉዳይ ይበቅላል ይሉ ነበር።

በአንድ መስከረም ችካሉ ከአያ ቢያዝን የወንዝ ዳር ማሳ ላይ በቀለ። ማሳው ከአባታቸው የወረሱት፣ የቀራቸውም እሱ ብቻ ነበር፤ ቤተ ሰቡ ዓመቱን የሚበላው ከዚያ ነው። በምትኩ ከኮረብታው ጀርባ ድንጋያማ መሬት ይሰጥዎታል ተባሉ። ወረዳ ሄዱ፤ ወረዳው ወደ ግቢው ላካቸው፤ ግቢው ደግሞ ዕቅዱ ከላይ የመጣ ነው አላቸው። ከላይ ያለው ማን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አላገኙም።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ጎረቤቶቻቸው ከበቧቸው።

«ያሰፉት አንቱ ነዎት፤ አንቱው ይሰብስቡት» አለ ምናሉ።

«ምን ላድርግ?»

«በሐሙሱ የአዲሱ ሕንፃ ድንጋይ ይቀመጣል። መርቁልን ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ይርገሙት።»

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው» አሉ አያ ቢያዝን።

«አፋፉ ላይ የቀረነው ግን እኛ ነን!»

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው እታገኝ በሶ ልትወስድ መጣች። እዚያው ግቢ ተመድባ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። አባቷ በሶውን ስትቋጥር ሲያዩ ቆይተው፦

«ስንት ናችሁ?» አሏት። መጠየቅ አመላቸው አልነበረምና ደነገጠች።

«የት አባዬ?»

«እዚያ ውስጥ።»

«ሰባት ሺህ ነው የሚሉት።»

«ሁሉም የሰው ልጆች?»

እታገኝ ሳቋ አመለጣት። «ታዲያ የምን ልጆች ይሁኑ? አጠገቤ የምትተኛዋ የሐረር ልጅ ናት። ጤፍ በቁሙ አይታ አታውቅም፤ ሣር መስሏት ልትቀመጥበት ስትል ነው የጎተትኳት።»

«የማን ጤፍ ላይ?»

«የእኛው ላይ።»



እስከ ሐሙስ ድረስ አያ ቢያዝን በየቀኑ ከማሳው ዳር ይቆሙ ነበር ይባላል። ቢረግሙ፣ እርግማን ግንብና ሰው አይለይም፤ ድንጋዩን ትቶ የሰው ልጅ ላይ ያርፋል፤ ከእነዚያም አንዷ የራሳቸው ናት። ቢመርቁ ደግሞ ከእንግዲህ ግቢው ሊወስደው የቀረው የመንደሩ ጓሮ ነው። እንቢ ብለው ቤት ቢውሉ ሌላ መራቂ ይጠራል፤ ያም የሚያውቀው «ይብዛ» ማለትን ነው።

ሐሙስ ሄዱ። የግቢው ኃላፊ «አባታችን፣ እንደ ድሮው ይመርቁልን» አላቸው። ምናሉና ጎረቤቶቹ መሬት መሬት አዩ። አያ ቢያዝን ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉና ዝም አሉ። ነፋሱ የድንኳኑን ሸራ ይመታል። ነገሩ እንቢታ መሆኑ ለተሰበሰቡት ይገባቸዋል ብለው ነበር። ነገር ግን ከተማሪዎቹ መካከል አንዲት ልጅ «አሜን» አለች፤ የሐረሯ ልጅ ናት የሚሉ አሉ። እሷን ተከትሎ ተማሪው ሁሉ ሦስት ጊዜ «አሜን» አለ። ኃላፊው በድምፅ ማጉያው «ከቃል የሚበልጥ ምርቃት ተቀበልን» አለና ድንጋዩ ተቀመጠ። አያ ቢያዝን እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ፤ ምናሉ መጥቶ ነው ያወረደላቸው።

በማግስቱ ገና ያላሸተውን ጤፍ ለከብት ድርቆሽ አጨዱት። ከዚያም ሞፈርና ቀንበራቸውን ተሸክመው ከኮረብታው ጀርባ ወጡ፤ በጋውን ሙሉ ድንጋይ ሲለቅሙ ከረሙ። ሐምሌ ላይ ዘር ሊበትኑ ሲነሡ፣ አጠገባቸው ትክ መሬት የደረሰው ምናሉ ገበሬ ሁሉ ዘሩን ሲበትን የሚለውን «ይብዛ» ከአፋቸው ሊሰማ ቆመ። አያ ቢያዝን ዘሩን በእፍኛቸው ይዘው ወደ ግቢው ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ምንም ሳይሉ በተኑት። ምናሉም ምንም ሳይል የራሱን በተነ።

ከኮረብታው ጀርባ ያለው ገበሬ እስከ ዛሬ ዘሩን የሚበትነው እንደዚያው ዝም ብሎ ነው። የግቢው አጥር ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል።