በቃል ፈንታ ጉርሻ

አንድ ሰው ነበረ፤ እህል ነጋዴ። ምላሱ ስል ነው። ገበያ ላይ ሲከራከር ሰው ሥራውን ትቶ ይሰማው ነበር። ሽምግልና ከተቀመጠም ባልና ሚስቱን አስታርቆ፣ አስቆ ነው የሚነሣው። ይህን ልብ በይልኝ ትርሲት፤ የማወራሽ ስለ ዓይነ አፋር ሰው አይደለም።

ይህ ሰው ሚስቱ ሞተችበት። ለቀስተኛው ሲበተን በሩን ዘግቶ ተኛ። መጋዘኑ እንደተቆለፈ ነው፤ ደንበኛ መጥቶ ይመለሳል፤ ወዳጆቹ ቢለምኑት ቢለምኑት እህል አልቀምስም አለ። ከለቀስተኞቹ አንዱ ትቶለት የሄደው መጽሐፍ ራስጌው ነበረና አንድ ቀን ቢጨንቀው ገለጠው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አለ። ደመና ባየ ቁጥር የሞተች ሚስቱን ስም ጠርቶ «ኧረ ልብሱን ከገመድ ላይ አውርጂ፣ ዝናብ መጣ!» እያለ ይጣራል። ነጋዴው እዚህ ላይ ሲደርስ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። አልቅሶ ሲወጣለት ተነሥቶ ፊቱን ታጠበ፤ በማግስቱም መጋዘኑን ከፈተ።

ከዚያ ወዲህ የደራሲውን ስም በሰማ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል። «አንድ ቀን ባገኛቸው እግራቸው ላይ ወድቄ አመሰግናቸዋለሁ» ይል ነበር። እንደ አፉ ሆነለትና እኒያ ደራሲ፣ አሁን ያረጁ ሰው ናቸው፣ ዘመድ ሊጠይቁ በከተማው ሲያልፉ ምሳ ጋበዛቸው፤ እሺ አሉት። በግ አረደ። ጎረቤቶቹን ጠራ። የሚናገረውንም መጋዘን ገብቶ በጆንያዎቹ ፊት ሲያጠና አረፈደ። ለጆንያዎቹ አማረለት።

ደራሲው ሲገቡ ግን፣ ወይ ጉድ! ያ ምላስ የት ገባ? ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ጨበጠና «ቤት ለእንግዳ» ካለ በኋላ ሌላ ቃል ጠፋው። ማንቆርቆሪያውን ከሠራተኛዋ ቀምቶ ራሱ አስታጠባቸው። ተቀመጥ ቢሉት «ኧረ እኔ ቆሜ ላስተናግድ» አለ። ያው እኛ አገር ትልቅ ሰው የጋበዘ አይቀመጥም፤ ለእሱ ግን ወጉ ጥሩ መደበቂያ ሆነለት።

በምሳው መሀል ከጎረቤቶቹ አንዱ «አሁንስ ምን እየጻፉ ነው?» ብሎ ደራሲውን ጠየቃቸው።

«የጀመርኩት ነበረ፤ ልተወው ነው» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ለማን ስጽፍ እንደኖርኩ እንጃ። ሰው ሲያገኘኝ ታላቁ ደራሲ ይለኛል፤ ከመጽሐፍዎ ይህ ቦታ እንዲህ አደረገኝ ያለኝ ግን የለም።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አላማረባቸውም።

ነጋዴው «እኔ አለሁ!» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «ብሉ እንጂ! ምኑን በሉት?» ሆነ። ትልቅ አድርጎ ጠቅልሎ «በሞቴ!» ብሎ አጎረሳቸው። እሳቸው አላምጠው እስኪውጡ ድፍረቱን ሰበሰበ፤ ቀና ብለው ሲያዩት እንደገና ከዳው፤ ደግሞ አጎረሳቸው። ሰውየው በመጨረሻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠግቤአለሁ ብለው ማሉ። ጎረቤቶቹ ሳቁ። እሱ በሆዱ «ተው አንተ ሞኝ፤ የእህል ነጋዴ ወሬ ለእንዲህ ያሉ ሰው ምን ይጨምራል?» እያለ ራሱን ይገሥጻል።

ደጅ መኪናው እየጠበቀ ነው። ደራሲው ቤቱን መረቁና ሊታጠቡ እጃቸውን ዘረጉ። አሁን ካልተናገረ ዕድሜ ልኩን አይናገርም፤ ያውቀዋል። ውኃውን አፈሰሰ። ውኃው አለቀ። እሱ ባዶውን ማንቆርቆሪያ እንደደፋ ቀረ። ሽማግሌው ምን ሆነ ብለው አዩት።

«ሚስቴ ሞታብኝ ነበር» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «ያ… ልብሱን ከገመድ ላይ አውርጂ የሚለው ሰውዬ…» ከዚያ በላይ አልቻለም።

ደራሲው እጃቸው እየተንጠባጠበ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ያንን ገጽ ልቀደው ነበር እኮ» አሉ። «ሰው ይስቃል ብዬ።»

«ሳቅኩ» አላቸው። «ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ መጋዘኔን ከፈትኩ።»

ሽማግሌው ባልደረቀ እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ «ሾፌሩን ትንሽ ቆይ በሉት» አሉ። «አንተ ደግሞ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥና እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።» ነጋዴውም ተቀምጦ ነገራቸው። እሳቸውም ቤታቸው ሲገቡ ያን ሊተዉት የነበረ ጽሑፍ ካቆሙበት ቀጠሉ።

እንግዲህ ትርሲት፣ «ያን ለሚያህሉ ደራሲ የኔ ምስጋና ምን ያደርግላቸዋል? ዝም ብዬ መሄዴ አክብሮት አይደለም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ነጋዴው አንቺ ነሽ። ያንቺን ደራሲ መጽሐፍ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ፣ ለማስፈረም ከተሰለፍሽ በኋላ ተራሽ ሲደርስ ከሰልፉ ወጥተሽ የሮጥሽው ስለምትወጃቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የኔ ልጅ፣ ሁሉ የሞላላቸው መሰለሽ። ያን ቀን ስንቱ እጃቸውን ጨብጦ፣ ስንቱ አብሯቸው ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። ቃላቸው የቱ ጋ እንደነካው የነገራቸው ከሌለ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ወጥተው ጦማቸውን ነው ያደሩት። አንቺ ያከበርሻቸው መስሎሽ ምሳቸውን ይዘሽባቸው ሮጥሽ። በይ ሂጂ፣ ፈልጊያቸው፤ ድምፅሽም ቢንቀጠቀጥ ይንቀጥቀጥ።