የዳነው ጥሩንባ ነፊ

አንድ ሰው ነበረ። ልጄ፣ ስለ እናትሽ የጠየቅሽኝን ከመመለሴ በፊት የእሱን ልንገርሽ።

ሰውየው የእድር ጥሩንባ ነፊ ነበር። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ማልዶ ይነሳል፣ በየመንገዱ ማዕዘን ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። በዚህ ሥራ ሸመገለ። ድሃ ነው፤ ነገር ግን በማንም ደጅ ቆሞ ስጡኝ ብሎ አያውቅም።

ታመመ። ሆዱ ውስጥ እጢ ተገኘ። ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት እንደማይተርፍ ሐኪሞቹ ለባለቤቱ ነገሯት። የተጠየቀው ገንዘብ ግን ያላቸውን ሁሉ ቢሸጡ የሚሞላ አልነበረም።

ባለቤቱ ለእድሩ አመለከተች። የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ተጨነቁ። ደንባቸው ገንዘብ እንዲወጣ የሚፈቅደው ለሞት ብቻ ነው። ለበሽታ ከተጀመረ ካዝናው አይቆይም አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ያን ጊዜ ከአባላቱ መካከል ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ወሰኔ የምትባል ሴት ብድግ አለች።

«ሲሞት ድንኳን ልንተክልለት፣ ንፍሮ ልንቀቅልለት፣ ሥራ ፈተን ልንቀመጥለት ነው» አለች። «ያን ጊዜ እሱ አያየንም። አሁን እያየን ብንደርስለት ምን አለበት?»

ደንቡ እንዳለ ቀረ፤ ሰዉ ግን ከየኪሱ ማውጣት ጀመረ። አንዲት የሰፈሩ አስተማሪ ደግሞ አልጋ ላይ እንደተኛ ፎቶውን አንስታ፣ ከባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ጋር በስልክ አሰራጨችው። ከማያውቀው ከተማ፣ ከማያውቀው ሰው ገንዘብ ይገባለት ጀመር። የምሳውን ዋጋ የላከ አለ። ስሙን ሳይጽፍ የላከ አለ። ሞላ።

ሰውየው ታከመ፤ ዳነም።

ከሆስፒታል በወጣ ቀን ግን ሲመሻሽ በታክሲ መጥቶ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። መመለሱን ለማንም እንዳትናገር ባለቤቱን ለመናት። እፍረት ነው የያዘው። በመስኮት መንገደኛ ባየ ቁጥር ይሄ ሰጥቶኝ ይሆን ይላል፤ ከኋላው የሚመጣውንም እንደዚያው። የሚመልስላቸው ነገር ሳይኖረው ባዶ እጁን ፊታቸው መቆም ከሕመሙ በላይ ከበደው። እንዲህ እንዳለ ሳምንታት አለፉ።

የሰጡት ሰዎች ደግሞ ወሬው ጠፋባቸው። ባለቤቱን እንዳይጠይቋት መልሱን ፈሩ። ማለዳ በእሱ ቦታ የተተካው ሰውዬ ጥሩንባ ሲነፋ፣ የሰፈሩ ሰው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ የታማሚው ስም እንዳይጠራ እየጸለየ ያዳምጣል። ሌላ ስም ሲጠራ እፎይ ይላል፤ እፎይ በማለቱም ያፍራል፤ የሞተውም ጎረቤቱ ነውና።

በመጨረሻ ወሰኔ አላስቻላትም። በሩን አንኳኳችና ግቢ እስክትባል ሳትጠብቅ ገባች። ሰውየው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገንፎ ይበላል። አየችው፤ እዚያው ደፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ተቆጣች።

«አንተ እዚህ ገንፎህን እየበላህ፣ እኛ ነን በየጠዋቱ የምንሞተው?»

«ምን ይዤ ልውጣ፣ ወሰኔ?» አላት።

«ራስህን ይዘህ ውጣ። እኛስ የፈለግነው ምን ሆነና!»

በማግስቱ ማለዳ ጥሩንባውን ከተተኪው ተቀብሎ መንገዱ ማዕዘን ላይ ቆመና ነፋ። ጉልበቱ ገና ስላልተመለሰ ድምፁ ተቆራረጠበት። በሮች ተከፈቱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ማን እንደሞተ ሳይሰሙ ማልቀስ የጀመሩም ነበሩ።

«የእድራችን አባላት በሙሉ» አለ። «ዛሬ የሞተ ሰው የለም። ታሞ የነበረው ጥሩንባ ነፊያችሁ በእናንተ ድኗል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሌላም የሚናገረው ነበረው፤ አላስጨረሱትም። እየተሻሙ አቀፉት። አንዲት አሮጊት ጉንጩን እየዳሰሱ ሥጋ ለብሷል እኮ ይላሉ። አንድ ሾፌር ለሰው የሰጠሁት ገንዘብ የት እንደደረሰ ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው አለና ዕንባውን ጠረገ። አስተማሪዋ ሰውየውን በሰው መሐል እንደቆመ ፎቶ አንስታ ለሩቆቹ ላከችላቸው። ከእነሱ አንዷ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የእኔ አባት ገንዘቡ ሳይሞላለት ነው ያረፈው። ይሄን ሰው ቆሞ ሳየው ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አመሰግንሃለሁ በሉልኝ።»

ልብ በዪ፣ ልጄ። የሰጠችው ናት ያመሰገነችው።

እናቴ ሰው ባዋጣላት ገንዘብ ድና መጥታ ቤት ተደበቀች አልሽኝ። ለማላውቃቸው ሰዎች ምን ልክፈል እያለች እንቅልፍ አጥታለች፣ እንዴት አድርገን እናመስግናቸው ብለሽም ጠየቅሽኝ። እናትሽ ያ በሩን የዘጋው ሰው ናት። ገንዘቡን የላኩላችሁም አልጋቸው ላይ ሆነው ጥሩንባውን የሚያዳምጡት ናቸው። ክፈሉን ያላችሁ አንድም ሰው የለም፤ ተርፋ ይሆን እያሉ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ደጅ አውጪያት። ፀሐይ ላይ ትቀመጥ፣ አላፊ አግዳሚው ይያት። የሩቆቹንም አትርሺ። በእነሱ ስልክ ላይ ባለው ፎቶ እናትሽ እስካሁን አልጋ ላይ እንደተኛች ናት። ሂጂና አስነሺያት።