ልዕልት የተኛችበት ኮፍያ

ስሙኝማ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አንዷለም የሚባል ግልፍተኛ ልጅ ነበር። የፈለገው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ፀጉሩን መቆረጥ። ከፋሲካ በኋላ የጓደኛው ሚዜ ነዋ! ጎፈሬውን አንጨብርሮ ሙሽሪት ፊት ይቁም?

ጾሙ እንደገባ ፀጉር ቆራጩ ሰይፉ ጋ ሄደ። ሰይፉ ፀጉሩን ገለጥ ሲያደርግ ጭርት፣ ክብ ክብ ብሎ ተቀምጧል። አንዷለም በማሽንህ ያስያዝከኝ አንተ ነህ ብሎ ጮኸ።

«ከገና ወዲህ መች መጣህ? ማሽኔ ቤትህ ድረስ በእግሩ ሄደ? ጭርቱ ሳይለቅ አልቆርጥም።»

እየተራገመ ቅባት ገዛ። ተቀባ፣ ደረቀ፣ ተመልሶ ወጣ። ቅባቱን የሸጠችለት ባለመድኃኒት «ቤትህ ውስጥ ድመት አለ ወይ?» አለችው። አለ እንጂ! የአከራዩ የእትዬ ወርቄ ድመት ልዕልት፣ ከብርዱ የተነሳ የምታድረው የሱ የሱፍ ኮፍያ ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ ጠዋት ሞቀልኝ ብሎ እንዳለ ራሱ ላይ ይደፋዋል። ጭርት ከድመት ወደ ሰው እንደሚሻገር በምን ይወቅ! ሰይፉ ጭርቱ ሳይለቅ አልቆርጥም፣ ጭርቱ ልዕልት ሳትድን አልለቅም።

በሩጫ የእንስሳት ሐኪሙ ጋ። ሐኪሙም ሳላያት አላክምም አለ። እንግዲህ ሰይፉ ጭርቱ ሳይለቅ አልቆርጥም፣ ጭርቱ ልዕልት ሳትድን አልለቅም፣ ሐኪሙ ልዕልትን ሳላይ አላክምም።

ቤት ገብቶ እትዬ ወርቄ ላይ አፈነዳው፦ ሰይፉ ጭርቱ ሳይለቅ አልቆርጥም አለ፣ ጭርቱ ልዕልት ሳትድን አልለቅም አለ፣ ሐኪሙ ልዕልትን ሳላይ አላክምም አለ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?

«እኔማ ልዕልቴን አልሰጥም» አሉ እትዬ፣ ሻሻቸው ስር እያከኩ። «አንተ በወር አንዴ ትታጠባለህ፣ እሷ ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትልስ ነው የምትውለው።»

አንዷለም ሊጮህ አፉን ከፈተና ዓይኑ ሻሻቸው ስር በገባው ጣታቸው ላይ አረፈ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እትዬ፣ ምንዎን ነው የሚያኩት?»

ሻሹን ፈቱ፣ መስታወት አዩ። ክብ ክብ ብሎ ተቀምጧል።

ከዚያማ ማን ይያዛቸው! ልዕልትን በነጠላ ጠቅልለው ከፊት ከፊት ሮጡ። እትዬ ልዕልትን ሰጡ፣ ሐኪሙ ልዕልትን አከመ፣ ኮፍያው በፈላ ውሃ ተቀቀለ፣ ልዕልት ዳነች፣ ቅባቱ ያዘ፣ ጭርቱ ለቀቀ፣ ሰይፉም ለሰርጉ ዋዜማ ቆረጠ።

«በል ኮፍያህን አድርግ፣ ውጪው ብርድ ነው» አለው ሰይፉ እየሳቀ።

«ይብረደኝ» አለ አንዷለም፣ ጆሮው ቀልቶ እየወጣ።

እኔም ወሬዬን ጨረስኩ፤ እናንተም ኮፍያችሁን ከማድረጋችሁ በፊት ውስጡን እዩ።