ውሃ የጠጣው ግድግዳና ማድረቂያው ማሽን

ተረት ላውራ? እሺ በሉኛ! በድሮ ዘመን፣ ግድግዳ በሚናገርበት፣ ድመትም በአማካሪነት በሚታመንበት ጊዜ ነው። ያኔ ማሽን ነበር ወይ ብሎ የሚጨቀጭቀኝ ካለ ሄዶ ይተኛ።

የወይዘሮ አሰገደች ቤት የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። ሳሎኑ ኩሬ ሆነ። የጭቃው ግድግዳም ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ሆዱ ተነፋ። በግድግዳው ውስጥ አይጥ ከነልጆቿ ትኖር ነበር። "ይኼ ግድግዳ ካልደረቀ ይናዳል፤ ከተናደ ልጆቼን ድመት ይበላብኛል" እያለች ታለቅሳለች። ድመቱ ደግሞ ግድግዳው ሥር ተጋድሞ መናዱን በጉጉት ይጠብቃል።

ወይዘሮ አሰገደች የልጃቸው የመልስ ድግስ ስለደረሰባቸው ማድረቂያ ማሽን ተከራይተው አመጡ። ማሽኑ ገና ከመግባቱ ማዘዝ ጀመረ። "በርና መስኮቱን ይዝጉልኝ! ከአየሩ የምመጠው ውሃ ባልዲዬ ውስጥ ይጠራቀማል። ባልዲዬ ሲሞላ ዝም እላለሁ፤ ያኔ ይድፉልኝ።"

ከዚያ እምምም ማለቱን ቀጠለ።

"ግድግዳ፣ ደረቅህ?"

"ገና ነኝ።"

እምምም።

"ግድግዳ፣ ደረቅህ?"

"ገና ነኝ፤ ሆዴ ይንቦጫረቃል።"

እምምም።

"ግድግዳ፣ ደረ..." ባልዲው ሞላ። ማሽኑ ጸጥ አለ።

ድመቱ ብድግ አለ። "እሜቴ፣ ጨረሰ! ዝም አለ እኮ!"

"ኧረ ውሸቱን ነው! ባልዲውን ይድፉለት!" አለች አይጥ ከውስጥ።

"ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አይጥ እኔን የምታዘኝ?" አሉ ወይዘሮ አሰገደች። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። ላዩ ደርቋል። "ተመስገን! ቀለም ጥሩልኝ!"

ቀለም ከነጣሳው እየተጎማለለ መጣ። "ስንቱን ጉድ የሸፈንኩ ነኝ!"

"ሆዴ ውሃ ነው፣ አትቀባኝ" ሲል ግድግዳው ለመነው።

"ሆድህን ማን ያያል? እንግዳ የሚያየው ፊትህን ነው" ብሎ ተለቀለቀበት።

አይጥ አንጀቷ አረረ። ድመቱ የዶሮ ወጥ ሊያሸት ወጣ ሲል ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ወደ አማቶች ቤት በሚሄደው የሙሽሪት ሻንጣ ውስጥ ከተተቻቸው።

አማቶች መጡ። የሙሽራው እናት እትዬ የሺመቤት አዲሱን የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሊመርቁ ብድግ ሲሉ ቀለሙም ከጀርባቸው ጋር አብሮ ብድግ አለ።

"ይቅርታ እትዬ፣ ገና ነኝ" አለ ግድግዳው። ይህን ብሎም ተዘረገፈ። አይጦቹን ሊቀበል አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው ድመት ጭቃ ጎረሰ።

ወይዘሮ አሰገደች የሚገቡበት ጠፋቸውና ማሽኑ ላይ ጮኹበት። "አንተ! ጨርሰህ አልነበረም እንዴ?"

"ሞላሁ እንጂ መቼ ጨረስኩ?" አለ ማሽኑ።

አይጥም ከነልጆቿ በሻንጣው ተጭና፣ ግድግዳው ደረቅ ወደሆነው ወደ አማቶች ቤት ሄደች። ሙሽሪት እስካሁን አላወቀችም።

እኔም የሞላውን ተረቴን ደፋሁ። እናንተ ግን ማሽን ዝም ባለ ቁጥር እልል አትበሉ፤ መጀመሪያ ባልዲውን እዩለት።