የወታደሩ ፊት

አንዲት ሴት ነበረች። ልጇ የአልጋ ቁራኛ ብትሆንባት፣ "ልጄን ብታድኚልኝ ሥዕልሽን አሥላለሁ" ብላ ለሰማዕቷ ለቅድስት አርሴማ ተሳለች። ልጅቱ ዳነች። እናትየዋም ስለቷን አስገባች።

ሥዕሉ በአቡጀዴ ላይ ተሥሎ፣ በሴቶች በኩል ባለው የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በሙጫ ተለጠፈ። ሰማዕቷ ፊት ለፊት ታያለች፤ ዓይኖቿ ሙሉ ናቸው። ፀጉሯን ጨብጦ ሰይፍ የመዘዘው ወታደር ግን፣ የክፉ ሰው አሣሣል ወጉ ነውና፣ ከጎን ተሥሏል፤ ባለ አንድ ዓይን ነው።

ሴትዮዋ በየወሩ መጥታ የሰማዕቷን እግር ትስማለች። ከዚያስ? ከዚያ ግራ ቀኝ ታይና ከነጠላዋ መርፌ ቁልፍ ነቅላ የወታደሩን ፊት ትቧጭራለች። ለምን? የሟች ባሏ ወንድም ጫኔ በሐሰት መስክሮ የእርሻ መሬቷን አስወስዶባታል፤ እሷም በወታደሩ ፊት ላይ የምታየው እሱን ነው።

አራት ዓመት ሳመች። አራት ዓመት ቧጨረች።

የአርሴማ ንግሥ ሦስት ቀን ሲቀረው አቡጀዴው ከወታደሩ ጉንጭ ላይ ተቀደደ። ቅዳዱ ወደ ላይ ዘለቀ። የሰማዕቷ ፊት ከግድግዳው ተላቅቆ ተንጠለጠለ። ሴትዮዋ ደንግጣ ሠዓሊውን አለቃ ድንቁን አስጠራች።

ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩት።

"እሜቴ፣ ይህን ወታደር አይጥ ነው የበላው ወይስ ሰው?"

"እኔ ነኝ" አለች አንገቷን ደፍታ። "አፍንጫው ቁርጥ የጫኔን ነው።"

"የማንም አይደለም። ከጎን የተሣለ ሁሉ አፍንጫው ይረዝማል።"

"እንግዲያው እሱን ቆርጠው ይጣሉትና እሷን ብቻ ይጠግኑልኝ። ስለቴ ናት፤ የልጄ ነፍስ ናት።"

"በምን ላይ ላቁማት? አንድ ጨርቅ ናቸው። የእሱ ካልተጣበቀ የእሷም ይወርዳል።" ሙጫውን ቀቡና እጇን ያዙ። "በሉ፣ እኔ ከላይ የእሷን ጠርዝ እይዛለሁ። እርስዎ መዳፍዎን እዚህ ያድርጉ።"

"ፊቱ ላይ?"

"ፊቱ ላይ። ጥፍርዎን አጥፈው።"

ፊቷን አዙራ መዳፏን አሳረፈች። ቆዩ።

"አልያዘም?"

"ገና ነው። አይግፉት፤ ከገፉት ይሸሻል።"

ክንዷ ዛለ። ከመዳፏ ሥር ጨርቁ ሞቀ። "የባሌን ሬሳ እስከ መቃብር ትከሻ ሳይቀይር የተሸከመው ጫኔ ነበር" አለች።

አለቃ ድንቁ እጃቸውን አላነሡም።

ሰማዕቷ ለንግሡ ደረሰች። ሴትዮዋ መሬቷ አልተመለሰላትም። በንግሡ ዕለት ግን ጫኔን በሕዝቡ መካከል ስታየው፣ "እንዴት ከረምክ?" አለችው። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። እሱም ባርኔጣውን አወለቀ።

እናንተስ? የሰማዕታትን ሥዕል ትስማላችሁ፤ መልካም ነው። ከሳማችሁ በኋላ እጃችሁ ወዴት ይሄዳል? በልባችሁ ከጎን የሣላችሁት፣ አንድ ዓይን ብቻ የተዋችሁለት ሰው ማነው? ወንድማችሁ ነው? ጎረቤታችሁ? እሱን በቧጨራችሁ ቁጥር የሚላቀቀው የማን ፊት ይመስላችኋል?

በደሉን እንደ ጽድቅ ቁጠሩት የሚላችሁ የለም። ሐሰት ሐሰት ነው። ዛሬ ግን ያንን ሰው በስሙ አስቡትና መዳፋችሁን አሳርፉበት። ቶሎ አይይዝም። ክንዳችሁ ይዝላል። ቢዝልም አታንሡት።