የአጎት ቤት ኪራይ

የሚከራይ ቤት በጠፋበት ዘመን አንድ ድንጋይ ጠራቢ ከአቶ ድልነሳሁ ግቢ ገባ። ሚስቱ አራስ ናት፤ የነበሩበት ቤት ሊፈርስ ስለሆነ እስከ ነገ ልቀቁ ተብለዋል።

አቶ ድልነሳሁ ተከራይ ሲመርጡ ለልጃቸው ባል የሚመርጡ ይመስላሉ። ከበረንዳቸው ሳይነሱ፣ «ለመሆኑ ቋሚ ገቢ አለህ?» አሉት።

«ድንጋይ እጠርባለሁ ጌታዬ። ያ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር የእኔ እጅ ሥራ ነው።»

«አጥር ማኅተም የለውም! ከአሠሪህ ማኅተም ያለበት የገቢ ማስረጃ ካላመጣህ ቁልፍ የለም። ሌላም አለ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የግብር ሰዎች መጥተው ማነህ ካሉህ የእህቴ ልጅ ነህ፤ የምትኖረውም በነጻ ነው። እዚህ ግቢ ያሉት ሁሉ የእህቴ ልጆች ናቸው።»

ሰውየው በየበሩ የተሰጣውን ልብስ ዞር ብሎ አየ። «እህትዎስ ወላድ ናቸው!» ሊል ሲል አራስ ሚስቱ ትዝ አለችውና ዋጠው።

«እሺ አጎቴ» አለ። «ማስረጃውን አመጣለሁ። ብቻ አንድ ነገር ያስጠኑኝ። የግብር ሰዎቹ ‹በነጻ የሚያኖሩህ አጎትህ የገቢ ማስረጃህን ምን ሊያደርጉበት ተቀበሉህ?› ያሉኝ እንደሆነ ምን ልበላቸው?»

አቶ ድልነሳሁ የግቢውን በር አየት አደረጉ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና፣ «ደግሞ ለዘመድ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል!» አሉ።

ሰውየው በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

«ወንድምሽ ሰላም ብለውሻል ብዬ ለእናቴ እነግራታለሁ።»