ዘውገ የሳሳላት ቅርንጫፍ

መጨረሻ ላይ የምትሰሟትን አባባል ሁላችንም አፋችን እንዳመጣልን እንወረውራታለን። ስንት ጋን ጠላ እንደፈሰሰባት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ እንደሰማሁት ነገሩ የተጀመረው በጥር ወር፣ አያ ንጋቱ ልጃቸውን በዳሩበት ዕለት ነው።

ሙሽራው ሊደርስ ነው። ከሩቅ የተጠራው ከበሮ መቺ ዘውገ ከበሮው ረግቦበት መቆሚያ መቀመጫ አጥቷል። የረገበ ከበሮ የሚወጠረው እሳት ሲሞቅ ነው፤ በዚያ መንደር ደግሞ ግቢ ውስጥ እሳት ማንደድ ሕግ አለው። ነፋስ ካለ ጭራሽ አይነደድም። ነፋስ ባይኖርም ከእህል ክምር ሃምሳ እርምጃ ርቆ፣ ጎረቤት አስፈቅዶ፣ ሙሉ እንስራ ውሃ አስቀምጦ ነው። ይህንን ለዘውገ ጠዋት ነግረውታል። እሱ ግን "አሁን ለአንድ ከበሮ ይህ ሁሉ ሥርዓት!" ብሎ በነፋስ፣ ከዳሱ ጀርባ፣ አጥር ሥር ጫረው። ከአጥሩ ማዶ የእማማ የሺመቤት የጤፍ ክምር አለ። ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ከዚያ ክምር ሌላ የዓመት ቀለብ የላቸውም።

ነፋሱ አንዲት ፍንጣሪ አንስቶ ደረቅ ሣር ላይ ጣላት። እማማ የሺመቤት በአጥሩ ቀዳዳ አይተው እየሮጡ መጡና ከዳሱ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ሊገነጥሉ እጃቸውን ሰደዱ።

ዘውገ እጃቸውን ለቀም! "ምን ነካዎት እማማ? ሙሽራ ሳይገባበት ዳስ ይገነጠላል? ነውር ነው!"

"ክምሬ ሊነድ ነው! ልቀቀኝ አንተ ሰውዬ!"

"መዳፍ የማታክል እሳት! ራሷ ትሞታለች።"

አልሞተችም። ሁለቱ ሲጓተቱ አጥሩን ዘላ ክምሩን ያዘች። ውሃ የለ፣ ወንዙ ሩቅ። አያ ንጋቱ "ጠላውን አምጡ!" ብለው ጮኹ። ሴቶቹ ሁለት ሳምንት የደከሙበት ጠላ በጋን በጋኑ ተደፋ፤ ዳሱም ተገነጣጥሎ የእሳት መምቻ ሆነ። እንዲያም ሆኖ ከክምሩ የተረፈው ግማሹ ነው። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ዘውገን ባገኘው እላለሁ።

ሙሽራው እየተዘፈነለት ሲገባ ዳስ የለ፣ ጠላ የለ፣ የተቀበለው ሰው ሁሉ ጥላሸት ለብሷል። አያ ንጋቱ መጀመሪያ እማማ የሺመቤትን "የጎደለውን ጤፍ ከኔ ጎተራ ይውሰዱ፣ አያልቅሱ" አሏቸው። ከዚያ አንገቱን ወደደፋው ዘውገ ዞረው፣ "ለአንዲት ቅርንጫፍ ሳስተህ ዳሱን በሙሉ አስበላኸን፤ እሳት እንዲህ ነው ልጄ፣ ሳይቃጠል በቅጠል" አሉት።